ለማንፈልገው ሥራ ኢንተርቪው ስንጠራ፦ እንሂድ ወይስ እንቅር?



የመውጫ ፈተናው ታልፎ፣ ቴምፖራሪው ተይዞ፣ ከግቢ ከተወጣ በኋላ ያለው ጊዜ ለብዙዎቻችን የጥበቃ ጊዜ ነው። ቴሌግራም ላይ «ዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ባየን ቁጥር ሲቪ እንልካለን፤ ድርጅቱ ምን እንደሚሠራ ሳናጣራ፣ አንዳንዴም በአንድ ምሽት ለአሥር ቦታ። ከዚያ ማመልከታችንን እንኳ የረሳነው መሥሪያ ቤት ይደውላል፤ ሰኞ ጠዋት በ3 ሰዓት ለቃለ መጠይቅ ቅረቡ ይለናል። «እሺ፣ እመጣለሁ» ብለን ስልኩን ከዘጋን በኋላ ነው «ግን እኮ ይህን ሥራ አልፈልገውም» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው።

ይህን ጥያቄ ይዘው ወደ ጀመዓው የሚመጡ ተመራቂዎች ብዙ ናቸው፤ በተለይ ከሐምሌ በኋላ። የሚያገኙት መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ «በዚህ ጊዜ ሥራ ይመረጣል እንዴ?» ይባላሉ፣ ወይ ደግሞ «ልብህ ካልፈቀደው ተወው፣ ሪዝቅ ከአላህ ነው» ይባላሉ። ሁለቱም መልሶች ጥያቄው ተሰምቶ ሳያልቅ የተሰጡ ናቸው። «አልፈልገውም» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ በጣም የተለያዩ ነገሮች ተደብቀዋል። ሥራው ሐራም ስለመሰለን ሊሆን ይችላል፤ ቦታው ስለራቀ ሊሆን ይችላል፤ ደመወዙ ስላነሰ፣ ከተማርነው ጋር ስላልገጠመ፣ ወይም ጓደኞቻችን ምን ይሉናል ብለን ስላፈርን ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሳይለዩ የሚወሰን መሄድም ሆነ መቅረት የግምት ውሳኔ ነው።

ከቤተሰብ በኩል የሚመጣውን ግፊት በቅድሚያ እናንሳው። አባቶቻችን «ጠርተውህ ትቀራለህ?» ብለው የሚቆጡት ያለ ምክንያት አይደለም። በደርግ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ በመንግሥት ተመድቦ ነበር ወደ ሥራ የሚሄደው፤ የሚያሳስበው የት እንደሚመደብ እንጂ ሥራ ማግኘቱ አልነበረም። የእኛው ዩኒቨርሲቲም በ1988 የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር የሚያሠለጥነው መንግሥት አጥብቆ የሚፈልጋቸውን ባለሙያዎች ነበር። በዚያ ዘመን ዓይን ሲታይ የመጣን ጥሪ መግፋት ጥጋብ ነው። ዛሬ ግን አንድ ምሩቅ በዓመት ውስጥ ብዙ ቦታ ያመለክታል፣ ለጥቂቱ ይጠራል፣ ለእያንዳንዱም መንገድ ይከፍላል። ስለዚህ ለአባቶቻችን «አልሄድም» ከማለት በፊት የትኛውን ወጪ ለየትኛው ዕድል እንደምናስቀምጥ ማስረዳት ይሻላል፤ ሲረዱት ብዙዎቹ ይቀበላሉ። የዱዓቸው ነገርም አለ።

ሐራም ነው ወይስ አልወደድነውም?

በመጀመሪያ የሚለየው ይህ ነው። የቢራ አከፋፋይ የሽያጭ ሠራተኛ፣ የስፖርት ውርርድ ቤት ገንዘብ ተቀባይ፤ እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ላይ ኢንተርቪው ሄዶ የሚጣራ ነገር የለም። ኢስቲኻራም ቦታ የለውም፤ ዑለማዎች እንደሚያስረዱት ኢስቲኻራ የሚደረገው በተፈቀዱ ነገሮች መካከል ለመምረጥ ነውና። አንዳንድ ወንድሞች «ሥራውን አልይዘውም፣ ለልምምድ ያህል ልሂድ» ይላሉ። በእኛ አስተያየት ይህ ጥሩ ሐሳብ አይደለም። ደመወዙ ሲጠቀስና ቤት ውስጥ ችግር ሲኖር ልብ እንዴት እንደሚላላ ሁላችንም እናውቃለን። ልምምድ የሚፈልግ ሰው ሁለት ጓደኞቹን አስቀምጦ ዶርም ውስጥ ሊጠየቅ ይችላል፤ ጀመዓውም ከተመራቂዎች ጋር ይህን ሊያዘጋጅ ይችላል።

ባንክ ላይ ግን ነገሩ እንደ ቢራው አጭር አይደለም፤ ትልቁ ክርክራችንም እዚህ ነው፤ አዲስ ምሩቃንን በብዛት ከሚጠሩ ቀጣሪዎች መካከል ባንኮች አሉበትና። ሪባን በተመለከተ ተቀባዩንና ሰጪውን ብቻ ሳይሆን ጸሐፊውንና ምስክሮቹንም የሚያካትት ሐዲስ ከጃቢር (ረ.ዐ) ተላልፎ በሙስሊም ተዘግቧል። በወለድ ብድር ውል ላይ በቀጥታ መሥራትን ዑለማዎች አጥብቀው የሚከለክሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። ከብድሩ በራቁ የሥራ ዘርፎች ላይ ግን በዘመናችን ዑለማዎች መካከል የአመለካከት ልዩነት አለ።

የአገራችን ሁኔታም ተለውጧል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ መደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎትን በመስኮት እንዲሰጡ የሚያስችለውን መመሪያ በ2004 አወጣ። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ለማየት ግን እስከ 2013 መጠበቅ ነበረብን፤ ዘምዘም ባንክ በዚያ ዓመት ሥራ ጀመረ፣ ሒጅራ ባንክም ተከተለው። ስለዚህ ዛሬ «ጀማሪ የባንክ ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል፦ ከወለድ ነፃ ባንክ፣ በመደበኛ ባንክ ውስጥ ያለ ከወለድ ነፃ ክፍል፣ ወይም መደበኛው የብድርና የቁጠባ ሥራ። ማስታወቂያው ይህን ካልገለጸ በግምት ከመቅረትም ሆነ በግምት ከመግባት ደውሎ መጠየቅ ይቀላል፤ በስልክ ካልነገሩን ደግሞ ኢንተርቪው የሚጣራበት ቦታ ይሆናል። የምንጠይቀውም «ምደባው የትኛው ክፍል ነው?» ብቻ አይደለም፤ «ከወለድ ነፃ ክፍል የተቀጠረ ሰው ወደ መደበኛው ክፍል ሊዛወር ይችላል ወይ?» የሚለውም መነሣት አለበት።

መልሱን ይዘን ወደ ምናምነው ኡስታዝ እንሄዳለን። «ባንክ መሥራት ይቻላል?» ብሎ መጠየቅና «በዚህ ክፍል፣ ይህን እየሠራሁ፣ እንዲህ የሚል ውል ፈርሜ ልሥራ ወይ?» ብሎ መጠየቅ የተለያየ ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አጠቃላይ ነው፤ ለሁለተኛው የሚሰጠው ለእኛ ነው። ጀመዓው ፈትዋ ሰጪ አይደለም፤ የሚችለው ጥያቄው ተስተካክሎ እንዲቀርብ ማገዝ ነው።

ሳናውቀው የጠላነው ሥራ

ሐራም ያልሆነ ግን ያልወደድነው ሥራ ሲሆን መጠየቅ ያለብን ሌላ ነገር ነው፦ ሥራውን አውቀን ነው የጠላነው ወይስ ስሙን ሰምተን?

ከጌዴኦ ምሳሌ እንውሰድ። የኬሚስትሪ ወይም የማኔጅመንት ምሩቅ ከይርጋጨፌ ወይም ከኮቸሬ አካባቢ ከአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ይጠራል። «ለዚህ ነው እንዴ 4 ዓመት የተማርኩት?» ይላል። ቅሬታው ከንቱ አይደለም። በመኸር ወቅት እሸት ቡናው ከሰዓት በኋላ ይሰበሰብና ሳያድር መፈልፈል ስላለበት ሥራው እስከ ሌሊት ይዘልቃል፤ ሚዛን፣ መዝገብ፣ የገበሬ ክፍያ፣ ጭቃ፣ ብርድ። ወቅቱ ሲያልቅ ሥራውም አብሮ ሊያልቅ ይችላል። በሌላ በኩል የይርጋጨፌ ስም ቡና በሚጠጣበት አገር ሁሉ የሚታወቅ ነው፤ ቡናው ደግሞ ከማጠቢያ ጣቢያ ተነሥቶ በጥራት ምርመራና በቅምሻ በኩል አልፎ ነው ለውጭ ገበያ የሚደርሰው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዲላ ላይ መጋዘን ያለውም ያለ ነገር አይደለም። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ለኬሚስትሪም፣ ለሒሳብም፣ ለሎጂስቲክስም ቦታ አለ። የተጠራንበት ሥራ ወደዚያ የሚያደርስ በር ይሁን ወይስ የአንድ ወቅት ሚዛን ያዥነት ብቻ፣ ከማስታወቂያው አይታወቅም። ሄዶ «ከእኔ በፊት በዚህ ቦታ የሠራው ሰው አሁን የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህች አንዲት ጥያቄ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ትነግረናለች።

ተቃራኒውም አለ። «ማርኬቲንግ ኦፊሰር» የሚለውን አይተን በጉጉት የሄድንበት ሥራ፣ ቋሚ ደመወዝ የሌለው፣ በየሱቁ እየዞሩ ዕቃ ሸጦ በኮሚሽን ብቻ የሚኖሩበት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስም በሁለቱም በኩል ያታልላል። (ከኢንተርቪው በፊት «ለምዝገባ» ወይም «ለሥልጠና» ብር አስገቡ የሚል ጥሪ ከመጣ ግን ይህ ሁሉ ማመዛዘን አያስፈልገውም። አይኬድም።)

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው፦ ሥራው ሐላል ከሆነና ስለሥራው ያለን ዕውቀት ከማስታወቂያው ካላለፈ፣ መንገዱ የማይጎዳን እስከሆነ ድረስ መሄድ ይሻላል። ኢንተርቪው ኒካሕ አይደለም፤ ሽምግልናም አይደለም። መተያየት ነው። እነሱ እኛን ያያሉ፣ እኛም እነሱን እናያለን፤ ሁለቱም ወገን «አልተስማማኝም» ማለት ይችላል።

የሚያስረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ እሱንም ቢሆን አውቀን ብንገባበት ጥሩ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም፤ በሙከራ ጊዜው ውስጥ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊለቅ ይችላል። ሙከራውን ከጨረሰ በኋላ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። አዋጁ የሚመለከተው በዋናነት የግል ድርጅቶችን ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው። እንግዲህ ሥራ መያዝ እንኳ የዕድሜ ልክ ውሳኔ አይደለም። በጥንቃቄ የሚታዩት ሌሎች ናቸው፦ ለሥልጠናው ይህን ያህል ዓመት ካላገለገልክ ይህን ያህል ብር ትከፍላለህ የሚል ውል፣ ዋናውን የትምህርት ማስረጃ አስረክቡ የሚል ጥያቄ፣ እና ዋስ። አጎት ወይም ጎረቤት ዋስ ከሆነልን በኋላ «አልተመቸኝም» ብሎ መጥፋት የእኛ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ያበቃል። እነዚህን ኢንተርቪው ላይ ጠይቆ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ቤት ወስዶ አንብቦ መፈረም ነውር የለውም።

የዓርብ ጉዳይም እዚህ ይገባል። በፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዓርብ የምሳ ሰዓት ከ5፡30 እስከ 7፡30 መሆኑ የቆየ አሠራር ስለሆነ ለጁምዓ ይበቃል። የግል ድርጅት ላይ ግን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የሚጠየቀውም በጭቅጭቅ ሳይሆን እንደ ማንኛውም የሥራ ሰዓት ጥያቄ ነው። እህቶቻችን ደግሞ ስለ ሒጃብ፣ ስለ ምሽት ፈረቃና ስለ መስክ ሥራ ቀድመው በስልክ ቢጠይቁ ከንቱ መንገድ ይቀንስላቸዋል። አዋጁ በሃይማኖት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ይህን ማወቅ ጥሩ ነው፤ ኢንተርቪው ላይ ግን አንቀጽ ከመጥቀስ በትሕትና መጠየቅ ብዙ ጊዜ የተሻለ መልስ ያስገኛል።

ሄደን ምን እንላለን?

ያልፈለግነው ሥራ ኢንተርቪው ላይ የሚያስቸግረው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ይህን ሥራ ለምን ፈለጋችሁት?» ሙስሊም ውሸት አይናገርም፤ «ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ነው» ማለት አንችልም። «ሌላ ስላጣሁ ነው» ማለትም ግዴታችን አይደለም። ነቢዩሏህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ለግብፁ ንጉሥ ራሳቸውን ሲያቀርቡ የተናገሩትን እናስታውስ፤ የጠቀሱት ጠባቂነታቸውንና ዐዋቂነታቸውን ነው፣ ማለትም ለቦታው የሚጠቅመውን ችሎታ። ሥራውን ምን ያህል እንደሚወዱት አላወሩም። እኛም «ሒሳብ አያያዝ ላይ ጠንካራ ነኝ፣ ሲዳምኛ እሰማለሁ፣ ጌዴኦፋ እየተማርኩ ነው፣ የእናንተ ሥራ ደግሞ ከገበሬ ጋር ነው» ማለት እንችላለን። እውነት ነው፣ ከምኞት ወሬም የበለጠ ክብደት አለው። «ሌላ ቦታ አመልክታችኋል?» ከተባልን «አዎ» እንበል። ጠያቂው ያውቀዋል፤ እሱም አንድ ጊዜ ተመራቂ ነበር።

የመንገዱን ነገር በደንብ ማስላት ያስፈልጋል። ከዲላ ሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማልዶ ወጥቶ ተጠይቆ በዚያው ቀን መመለስ ይቻላል። አዲስ አበባ ግን 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ትራንስፖርት፣ አዳር፣ ምግብ፣ ካስፈለገም ሁለተኛ ቀን ለጽሑፍ ፈተና። እህት ከወንድሟ ጋር የምትሄድ ከሆነ ወጪው እጥፍ ነው። ይህ ገንዘብ ከቤት የሚመጣ ከሆነ፣ ከጅማም ይሁን ከስልጤ ወይም ከዚሁ ከወናጎ፣ የአንድ ሰው ቡና ወይም የአንድ ሰው ፍየል ነው። ለሐዋሳ ኢንተርቪው «ልየው» ማለት በቂ ምክንያት ነው። ለአዲስ አበባው ግን «ቢሰጡኝ በእርግጥ አስብበታለሁ ወይ?» የሚለውን ሳንመልስ አውቶቡስ ላይ ባንወጣ ይሻላል። በስልክ ወይም በቪዲዮ ይቻል እንደሆነ መጠየቅም አለ፤ ቢበዛ «አይቻልም» ይሉናል። አዲስ አበባ ውስጥ የቀድሞ ጀመዓችን አባላት ስላሉ ለማደሪያ ቀድማችሁ አሳውቁን።

ኢስቲኻራን በተመለከተ አንድ ነገር ማረም እንወዳለን። ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና በቡኻሪ የተዘገበው ሐዲስ ከግዴታ ሶላት ውጭ ሁለት ረከዓ ሰግዶ ዱዓውን ማድረግን ያስተምራል። ሕልም መጠበቅ በውስጡ የለም። አንዳንዶቻችን ግን ሰግደን እንተኛና ምንም ካላየን «አልተከፈተልኝም» ብለን እንቀራለን፤ በትክክል ስንጠየቅ ፍርሃት ነው ያስቀረን። ኢንተርቪው መፍራት ነውር አይደለም፤ ብዙዎቻችን ቋንቋው ያስፈራናል፣ ጠያቂዎቹ በእንግሊዝኛ ሲጀምሩ ምላሳችን ይታሰራል። ፍርሃትን ግን በኢስቲኻራ ስም መጥራት ልክ አይደለም። ኢስቲኻራ የሚደረገው ከኢስቲሻራ ጋር ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አማክሮ፣ የሚቻለውን አጣርቶ፣ ወደ ቀለለው መንገድ መራመድ ነው።

ላለመሄድ ከወሰንን

አንዳንዴ መልሱ ግልጽ ነው። ሥራውን እናውቀዋለን፣ ቢሰጡንም አንይዘውም፣ ወይም የተሻለ ሥራ በእጃችን ገብቷል። እንዲህ ከሆነ መሄድ አያስፈልግም። ዝም ብሎ መቅረት ግን ሌላ ነገር ነው። «እመጣለሁ» ብለናል፤ ቃል ማፍረስ ከሙናፊቅ ምልክቶች አንዱ ሆኖ መቆጠሩን ሁላችንም ተምረነዋል፣ ለስልክ ቀጠሮ ግን ብዙ ጊዜ አናስታውሰውም።

ከቃሉም ሌላ የሚጎዳ ሰው አለ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅጥር ካለፉት ስሞች ቀጥሎ «ተጠባባቂ» የሚል ዝርዝር መለጠፍ የተለመደ ነው። ተጠባባቂው የሚጠራው ያለፈው ሰው ሲቀር ነው። የማይይዘውን ሥራ ተፈትኖ አልፎ፣ ሳያሳውቅ የሚቆይ ሰው ያንን ተጠባባቂ ለሳምንታት ሰሌዳ ሥር ያቆመዋል። ዲላ ትንሽ ከተማ ናት። ያ ተጠባባቂ አብሮን አንድ ዶርም ያደረ፣ አንድ ካፌ የበላ፣ ቤቱ ከእኛ የባሰ የተቸገረ ሊሆን ይችላል። ቃለ መጠይቁ ላይ ለመቅረብ የሚመረጡት ቁጥራቸው የተወሰነ ሲሆንም እንዲሁ ነው፤ የእኛ ወንበር ባዶ ከሚውል ቀጣዩ ቢጠራበት ይሻላል።

ማሳወቁ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በደወሉልን ቁጥር መልሰን፣ ቢቻል ከቀጠሮው ቢያንስ አንድ ቀን ቀድመን እንደውላለን፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ እገሌ እባላለሁ። ሰኞ ለዚህ የሥራ መደብ ቃለ መጠይቅ ተጠርቼ ነበር። ስለ ጠራችሁኝ አመሰግናለሁ፤ በዚህ ጊዜ መቅረብ ስለማልችል ቦታውን ለሌላ ሰው እንድትሰጡት ብዬ ነው።» ምክንያት ከጠየቁ በአጭሩ እውነቱን መንገር ይበቃል፤ «ሌላ ሥራ ይዣለሁ» ወይም «ምደባው ለእኔ ሩቅ ሆነብኝ»። ታመምኩ፣ ዘመድ ሞተብኝ ማለት አያስፈልግም። ስልኩ ካልተነሣ አጭር የጽሑፍ መልእክት እንልካለን፤ ስማችንን፣ የሥራ መደቡንና የቀጠሮውን ቀን ጠቅሰን። የሰው ኃይል ክፍሉ ሠራተኛ ስሙን ከዝርዝሩ ላይ ሰርዞ ከታች ያለውን ለመጥራት ከዚህ የበለጠ አይፈልግም።

ወሏሁ አዕለም።